ዶሮዬ ከበላች በኋላ አንገቷን ታጠማዝዛለች፤ ፈንግል ይሆን?

ጥያቄው የመጣው ከጎንደር፣ አዘዞ ነው። አንዲት እናት በድምፅ ቀድተው ላኩልኝ። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፦

«ልጄ፣ እንደምን ሰነበትህ? ከ3 ወር በፊት 30 የ45 ቀን ቄቦች ገዝቼ ነበር። እንቁላል ሊጀምሩልኝ ነው። ሰሞኑን ግን አንድ ነገር አስፈራኝ። ጠዋት በልተው ዞር ሲሉ አንገታቸውን ወደ ላይ ይመዙና ወዲያ ወዲህ ያጠማዝዙታል። ልክ ዘንዶ የዋጠውን ሲያወርድ እንደሚሆነው። ጎረቤቴ አይታ ‹ይሄማ ፈንግል ነው፤ ሳያልቁብሽ ለቅዳሜ ገበያ አውጫቸው› አለችኝ። ልሽጣቸው ወይስ መድኃኒት አለው? አንዷ ደግሞ ደረቷ አብጦ ጥግ ይዛ ነው የምትውለው።»

እናቴ፣ እንደምን ሰነበቱ። መጀመሪያ የቅዳሜውን ገበያ ይተዉት። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ።

የዘንዶው ምሳሌ ልክ ቦታው ላይ ነው ያረፈው። ዘንዶ አያኝክም። ያገኘውን እንዳለ ይውጥና ሰውነቱን እያጠፈ እየዘረጋ ወደ ሆዱ ይገፋዋል። ላላየው ሰው የታመመ ይመስላል። ዶሮም ጥርስ የላትም። የለቀመችው ጥሬ በቀጥታ ሆዷ አይገባም። አንገቷ ከደረቷ በሚገናኝበት፣ ወደ ቀኝ በኩል፣ አንድ ከረጢት አለ። ለወጥ ዶሮ ሲገነጥሉ ጥሬ ሞልቶበት አግኝተው የሚጥሉት የለም? እሱ ነው። ጥሬው መጀመሪያ እዚያ ይጠራቀማል፣ ይርሳል፣ ይለሰልሳል። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርድና ጠንካራው ጡንቻማ ሆዷ ከጠጠር ጋር ይፈጨዋል።

ዶሮ ቶሎ ቶሎ ስትለቅም ከረጢቱ በአንዴ ይሞላል። ምግቡ ደረቅና ዱቄት ነገር ከሆነ ደግሞ ጉሮሮዋ ላይ ይከማቻል። ያኔ አንገቷን መዛ፣ ጠምዘዝ ጠምዘዝ አድርጋ ታስተካክለዋለች። አንዳንዴ አፏንም እንደሚያዛጋ ሰው ትከፍታለች። ጥቂት ሰከንድ ነው። ከዚያ ወደ ጭረቷ ትመለሳለች።

እኔም ደውዬ ሦስት ነገር ጠየቅኋቸው። መጠማዘዙ ከምግብ ውጭ ይታያል? «የለም፣ እንደበሉ ብቻ ነው።» ኩሳቸውስ? «እንደ ድሮው፣ ቡኒ ሆኖ ጫፉ ነጭ።» ምን ይበላሉ? «የተከካ በቆሎና ማሽላ፣ ከፍሩሽካ ጋር። በአንድ ገበታ ነው የምሰጣቸው።»

አየነው አይደል? 30 ዶሮ በአንድ ገበታ! መሻማት ነው። የቀደመችው ትሞላለች፣ የዘገየችው ትራባለች። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ገበታ ያድርጉላቸው። ምግቡን ጠዋትና ማታ ይከፋፍሉት። ለእንቁላል የደረሰች የፈረንጅ ዶሮ በቀን እስከ 120 ግራም ትበላለች። ውኃ ደግሞ የምግቧን እጥፍ ያህል ትፈልጋለች። ለ30 ዶሮ 7 ሊትር ገደማ መሆኑ ነው፤ በፀሐይ ጊዜ ከዚያም ይበልጣል። ግቢ ወጥተው የማይጭሩ ከሆነ ደቃቅ ጠጠር በዕቃ ያስቀምጡላቸው።

አሁን ወደ ፈንግል። ጎረቤትዎ ከመሬት ተነሥተው አልፈሩም። ፈንግል እውነትም አንገት ያጣምማል። ግን የፈንግል መጠማዘዝ ምግብ አይጠብቅም። ዶሮዋ ባዶ ሆዷንም አንገቷ ወደ ጎን ወይም ወደ ጀርባዋ ይዞራል፣ አይመለስም። ክንፏ ይወድቃል፣ እግሯ ይከዳታል፣ ባለችበት ትሽከረከራለች፣ ትንቀጠቀጣለች። አረንጓዴ ተቅማጥ አለ። ትንፋሽ ያጥራታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ አይበሉም፣ ይሞታሉም፤ ዛሬ ሁለት፣ ነገ አምስት። የእርስዎ ዶሮዎች ለምግብ እየተጋፉ ነው። ፈንግል የያዘው ዶሮ በማለዳ ገበታ ላይ አይጋፋም።

እኔም ሥራ በጀመርኩ ሰሞን በስልክ ብቻ ሰምቼ «ፈንግል ነው» ብዬ አንድ ገበሬ 12 ዶሮ አሳርጃለሁ። በኋላ ሄጄ ሳይ የቀሩት ፍንድቅድቅ ብለው ይጭራሉ። ሰውዬው ምንም አላሉኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ገበያውን ይተዉት ያልኩት ለዚህ ብቻ አይደለም። እውነት ፈንግል ቢሆንስ? የታመመ ዶሮ ገበያ ማውጣት በሽታውን ለአዘዞም ለማራኪ ሰፈርም ማደል ነው። በየበዓሉ ሰሞን ሰፈር ሙሉ ዶሮ የሚያልቀው አንዱ «ሳይሞትብኝ ልሽጠው» እያለ ነው። በዚህ ነገር ላይ እኔ ትዕግሥት የለኝም። ለፈንግል የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ያለው ክትባት ነው። ክትባቱ እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ይመረታል።

ቄቦቹን የሸጠልዎትን ሰው ምን ምን ክትባት በስንት ቀናቸው እንደወሰዱ ይጠይቁት። በእጁ ጽሕፈት ካልሰጠዎት ወይም ካመነታ፣ ቀበሌ ያለውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያማክሩ። የሚሰጣቸው ላሶታ የተባለው፣ በውኃ የሚጠጣው የፈንግል ክትባት ከሆነ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለው፤ ክትባቱን ይገድለዋል። የጉድጓድ ውኃ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ይጠቀሙ። ከዚያ በፊት ለአንድ ሁለት ሰዓት ውኃ ይከልክሏቸው፤ ሲጠማቸው በአንዴ ይጨርሱታል። የተበጠበጠው በ2 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። የተረፈውን ለነገ ማስቀመጥ ዋጋ የለውም።

አሁን እኔን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። 29ኙ ደህና ናቸው። እርስዎ ግን መጨረሻ ላይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያለፏት አንዷ አለች፤ ደረቷ አብጦ ጥግ የያዘችው። አንገቷን የሚያጠማዝዙትን ስናይ እሷን ረሳናት።

ነገ ጎህ ሲቀድ፣ ምግብ ሳይሰጡ፣ ይያዟትና ያን ከረጢት በእጅዎ ይዳብሱት። ማታ ሙሉ ሆኖ ማደሩ ደንብ ነው። ጠዋት ግን ባዶ መሆን አለበት። ከጤነኞቹም አንዷን ይዘው ያወዳድሩ።

ይህን ባልኳቸው በማግሥቱ ደወሉ። «ልጄ፣ የጨርቅ ኳስ ነው የሚመስለው» አሉኝ። ታፍኗል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ረጅም ደረቅ ሣር፣ ጭድ ወይም የማዳበሪያ ጆንያ ክር ተጠቅልሎ ይዘጋዋል። እንደ ኳስ ሳይሆን ውኃ እንደሞላ ላስቲክ ቢሆን፣ አፏም ቢሸት ኖሮ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ያ ሻጋታ ወይም ያደረ እርጥብ ምግብ ሲበሉ የሚመጣ ነው፤ የባለሙያ መድኃኒት ይፈልጋል።

ለታፈነችው እንዲህ ያድርጉ። ለብቻዋ ያስቀምጧት። አንድ ቀን ምግብ ይከልክሏት፤ ውኃ ግን አይለያት። የኑግ ዘይት ካለዎት ሁለት ሦስት ሚሊ ሊትር በመርፌ አልባ ስሪንጅ፣ በመንቆሯ ጎን፣ ጠብ ጠብ እያደረጉ ይስጧት። ከዚያ ከረጢቱን በጣትዎ ጫፍ፣ ሊጥ እንደሚያሹ ቀስ ብለው ለ5 ደቂቃ ያሹት። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይደጋግሙት። አደራ፣ ቁልቁል ዘቅዝቀው ለማስተፋት አይሞክሩ። ሽማግሌዎች ሲያደርጉት አይቻለሁ፤ ፈሳሹ ወደ ሳንባዋ ይገባና እጅዎ ላይ ትሞታለች። ከለሰለሰላት የረጠበ ምግብ ወይም ቅቅል እንቁላል በትንሽ በትንሹ ይጀምሩላት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋትም ኳሱ ካለ በቅርጫት አድርገው ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይውሰዷት። ባለሙያው ቆዳውን በትንሹ ከፍቶ ማውጣት ይችላል፤ ለአንዲት ዶሮ ወጪው ካዋጣዎት ማለቴ ነው። ካላዋጣዎት ችግሩ ተላላፊ ስላልሆነ፣ መድኃኒትም ካልወሰደች፣ ማረድ ይችላሉ። ሲገነጥሏት ግን ከረጢቱን ከፍተው ምን እንዳለበት ይዩልኝ። የጆንያ ክር ከሆነ ግቢውን ዛሬውኑ ይጥረጉት፤ ሌሎቹም እዚያው ነው የሚጭሩት።