ሕዝብ የሚመርጠው ተከላካይ ጠበቃ አለ ወይ?

አዎ ወንድሜ፣ አለ። ጠበቃ መቅጠር ለማይችሉ የሚሟገተውን መሥሪያ ቤት ኃላፊ በአሜሪካዋ ፍሎሪዳ ግዛት ውስጥ ሕዝብ ይመርጣል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ግን እንዲህ የምትመርጠው ሳን ፍራንሲስኮ ብቻ ናት።

የሳን ፍራንሲስኮውን ተመራጭ ተከላካይ ጠበቃ ጄፍ አዳቺን እወቃቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወላጆቻቸውና አያቶቻቸው በጃፓናዊ ዘራቸው ብቻ እዚያው አሜሪካ ካምፕ ታጉረው ነበር። ያለ ክስ፣ ያለ ፍርድ! አዳቺ በ1986 እ.ኤ.አ. እዚያው ቢሮ ጀመሩ። በ2001 ከንቲባው የሾሟት አዲስ ኃላፊ አሰናበተቻቸው። በ2002 ተወዳድረው አሸነፏት።

እኔን የሚገርመኝ የ2011ዱ ነው። ፖሊሶች ድሆች የሚያድሩበት ሆቴል ውስጥ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ክፍል ሲገቡ ካሜራ ቀርጿቸው ነበር። አዳቺ ቪዲዮውን አደባባይ አወጡት። ብዙ ክሶች ተሰረዙ። በሹመት የተቀመጠ ሰው እንዲህ የሚደፍር አይመስለኝም። በ2019 በ59 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ወንበሩ ላይ ነበሩ።