የካርዳን ሞተር ሳይክል የኋላ ማርሽ ዘይት እቤት ይቀየራል?

ከሱሉልታ የጻፈልኝ አንባቢ እንዲህ ይላል፦ «ያገለገለች ያማሃ ሱፐር ቴኔሬ 1200 ገዛሁ። ሰንሰለት የላትም፣ የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ ጎማ በሚያደርስ ዘንግ፣ በካርዳን ነው የምትሄደው። የኋላው ማርሽ ዘይት መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ የለም። አንዱ መካኒክ ‹ካርዳን ዘይት የለውም፣ አትነካካው› አለኝ። ሌላው ግማሽ ሊትር የሞተር ዘይት ጨምርበት ይለኛል። አዲስ አበባ ድረስ ወርጄ ከምንከራተት እዚሁ ግቢዬ ልቀይረው እችላለሁ ወይ?»

ትችላለህ፣ ወንድሜ። እንዲያውም የሞተር ዘይት ከመቀየር ይቀላል። ፊልትሮ የለው፣ ምን የለው። ሁለት ቡሎን ነው። ብቻ ሁለቱንም መካኒኮች አትስማቸው።

የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ይዟል። ዘንጉ ራሱ ዘይት ውስጥ አይዞርም። ጎማው ጋ ሲደርስ ግን ኃይሉን ወደ ጎን የሚያዞሩ ሁለት ጥርሳም ማርሾች፣ ፒኞንና ኮሮና አሉ። እነሱ የራሳቸው ቤትና የራሳቸው ዘይት አላቸው። የሞተሩን ዘይት መቶ ጊዜ ብትቀይር የኋላው አሮጌ ዘይት እንዳለ ነው። አምራቹ በየ20,000 ኪሎ ሜትሩ ቀይሩ ይላል። ታሪኳን ካላወቅህ ግን የቆጣሪውን ቁጥር እርሳውና አሁኑኑ ቀይር።

«የፋብሪካ ዘይት ዕድሜ ልክ ነው» የሚልም አይጠፋም። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣት አር 1200 ጂኤስ እንዲያ ተብላ ነበር። ከታች መድፊያ ቡሎን እንኳ አልነበራትም። ኋላ ላይ ኩባንያው ራሱ ቡሎኑንም ጨመረ፣ ዘይቱንም ቀይሩ አለ።

ሁለተኛው መካኒክ ይብሳል። የፒኞኑና የኮሮናው ጥርሶች የሚገፋፉ ብቻ አይደሉም፤ በከባድ ጫና አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ያንን የሚችለው ድኝና ፎስፈረስ ያለበት ቅመም የተጨመረበት የማርሽ ዘይት ነው። ጣሳው ላይ 80 ደብሊው 90 እና ጂኤል 5 የሚል ፈልግ። ሶማሌ ተራ ለመኪና ዲፈረንሻል የሚሸጠው ይሆንሃል፤ «የሞተር ሳይክል ነው» እያሉ ዋጋ እንዳይቆልሉብህ። በነገራችን ላይ፣ 90 የሚለው ቁጥር አያስደንግጥህ። የማርሽና የሞተር ዘይት አለካክ ለየቅል ነው፤ የማርሽ 90 ውፍረቱ ከሞተር 40 ወይም 50 ጋር ይቀራረባል። ሽታው ግን ሌላ ነው። ልብስህ ላይ ካፈሰስከው እቤት የሚያስገባህ የለም።

መጠኑም ግማሽ ሊትር አይደለም። ያንተዋ የምትይዘው 0.20 ሊትር ብቻ ነው። የአንድ ሊትር ጣሳ ገዝተህ አምስት ጊዜ ትቀይርበታለህ። ከመጠን ካለፈ ዘይቱ ሲሞቅ መስፊያ ቦታ ያጣል፣ ግፊት ይፈጠራል፣ ዘይቱ እንዳይወጣ በሚዘጋው ላስቲክ፣ በኦይል ሲሉ በኩል ይወጣና ጎማህን ይቀባል። የኋላ ጎማ ላይ ዘይት ይዞ የእንጦጦን ቁልቁለት መውረድ ምን ማለት እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም።

ወደ ሥራው እንግባ። በሱሉልታ የጠዋት ብርድ ዘይቱ ወፍሮ አልወርድም ይልሃል። መጀመሪያ በጫንጮ መንገድ ሩብ ሰዓት ያህል ንዳትና ተመለስ። ሞተሩን አጥፋ፣ ጭስ ማውጫው እንዳያቃጥልህ ተጠንቀቅ። ሜዳ መሬት ላይ በመሃል ስታንድ አቁማት። የመሃል ስታንድ ከሌላት አንድ ሰው ቀጥ አድርጎ ይያዝልህ፣ ወይም ከሥር በደንብ አስደግፋት። በጎን ስታንድ ዘንበል ብላ ግን አትሙላ፤ ልኩ ወይ ይበዛል ወይ ያንሳል።

የቡሎኖቹን ዙሪያ በብሩሽና በጨርቅ ጥረግ። በጋ ላይ አቧራው፣ ክረምት ላይ ጭቃው እዚያው ነው የሚጋገረው። ከዚያ መጀመሪያ የላይኛውን፣ የመሙያውን ቡሎን ፍታ። የታችኛውን አይደለም! ዘይቱን ደፍተህ ጨርሰህ የላይኛው አልፈታ ቢልህ ሞተርህ ግቢ ውስጥ ቀረች ማለት ነው። የላይኛው እሺ ካለ ጎማውን በፌስታል ሸፍን፣ ከሥር የተቆረጠ ጀሪካን አስቀምጥ፣ የታችኛውን ፍታ። ጠብታው እስኪያቆም ጠብቅ።

እየጠበቅህ የወጣውን ዘይት ተመልከት። ዋናው ምርመራ እዚህ ነው። ጥቁር ወይም ቡናማ ከሆነ አርጅቷል፣ ሌላ ነገር የለውም። ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ክረምት ላይ በጋለ ማርሽ ጎርፍ ውስጥ የገባ ሰው ይህ ያጋጥመዋል፤ ቤቱ ድንገት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው አየር ይሰበሰብና ውሃ ይስባል። እንዲህ ካየህ አዲሱን ዘይት ሙላ፣ ትንሽ ነድተህ እንደገና ድፋው፣ ከዚያ ሌላ አዲስ ሙላ። ጣሳው የሚተርፍህ ለዚህ ነው። ውሃው እንደገና ከገባ፣ ኦይል ሲሉን አስፈትሽ።

ከዚያ ማግኔት ዘይቱ ውስጥ አዙር። በሁለት ጣትህ ስታሸው ልስልስ የሚል ግራጫ ቅባት ከያዘ አትጨነቅ፤ ጥርሶቹ ሲሠሩ የሚያልቁት ነው። የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ወይም ጣት የሚወጋ ስባሪ ካገኘህ ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየሄደ ነው። ያኔ አዲስ ዘይት አያድንህም። ሞተሯን አቁመህ ባለሙያ ጥራ።

ደህና ከሆነ የታችኛውን ቡሎን በአዲስ ሮንዴላ ግጠም። የማርሹ ቤት አሉሚኒየም ነው፤ እጀታው ላይ ቱቦ ሰክቶ የሚያጠብቅ ጎልማሳ የቡሎን ቀዳዳውን ጥርስ ይበላዋል። ልኩ 23 ኒውተን ሜትር ነው። የማጥበቂያ ልክ የሚያሳይ ቁልፍ (ቶርክ ሬንች) ከሌለህ የሚንጠለጠል ሚዛን ተዋስ። ከቡሎኑ መሃል 20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ቁልፉን በሚዛኑ በቀጥታ ሳበው፤ 12 ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው በቃ።

ለመሙላት ከፋርማሲ ትልቅ ስሪንጅና አጭር ላስቲክ ይበቃሃል። ዘይቱ የቀዳዳው የታችኛው ከንፈር ላይ ሲደርስ አቁም። ትርፍ ከፈሰሰ ይፍሰስ፣ ጥረገው። የላይኛውንም በአዲስ ሮንዴላና በዚያው ልክ አጥብቅ።

ከስታንድ ሳታወርዳት ጎማውን ላይና ታች ይዘህ ወዝውዘው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲዞር ጥቂት ክፍተት ያለ ነው። ወደ ጎን ቀጭ ካለ ግን ኩሽኔታ ነው፣ እንዳትነዳት።

ቃጠሎውን ዘይት ቦይ ውስጥ አትድፋ፤ እናንተ ሰፈር ጉድጓድ ውሃ የሚጠጣ ሰው ብዙ ነው። በጀሪካን አጠራቅመህ የመኪና ዘይት ለሚቀይሩት ስጥ። በነጋታው ደግሞ ነጭ ጨርቅ በሁለቱ ቡሎኖች ዙሪያ አድርግበት። እርጥበት ካገኘህ ዝም ብለህ አታጥብቅ፤ ፈትተህ ሮንዴላው በትክክል መቀመጡን እይ።