መልስ፦ ፒችትሪ ዳታቤዙን አላገኘሁም ሲል

ሰላም ወንድሜ። የሂሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ ሰርቨሩ (ዳታው ያለበት ዋናው ኮምፒውተር) ላይ ይከፍታል፣ ከገንዘብ ያዥዋ ኮምፒውተር ላይ ግን «ፐርቫሲቭ ከሚባለው ዳታቤዝ ጋር መገናኘት አልቻልኩም» ይላል ብለሃል። እባክህ አጥፍተህ እንደገና ለመጫን አትቸኩል። ሰርቨሩ ላይ ከከፈተ ዳታቤዙ በሕይወት አለ ማለት ነው። የሚጠረጠረው ሁለቱን ኮምፒውተሮች የሚያገናኘው መንገድ ነው።

ከእሷ ኮምፒውተር ሰርቨሩን በስሙ ፒንግ አድርገው (ይመልስ እንደሆነ የሚጠይቅ ትእዛዝ ነው)። በስሙ እምቢ ብሎ በአይፒ (በኔትወርክ ቁጥሩ) ከመለሰ ችግሩ ስሙ ላይ ነው። በስሙ ከመለሰ ደግሞ ፋየርዎሉን (ያልተፈቀደ ግንኙነት የሚዘጋውን መከላከያ) እይ፤ ሰርቨሩ ላይ የቲሲፒ ፖርት (የግንኙነት በር) 3351 እና 1583 ለገቢ ክፍት መሆን አለባቸው። ሰሞኑን ራውተር ቀይራችሁ ከሆነማ ዊንዶውስ ኔትወርኩን «ፐብሊክ» (የማይታመን የሕዝብ ኔትወርክ) አድርጎት ይሆናል፤ ወደ «ፕራይቬት» መልሰው። ፋየርዎሉን ጭራሽ ማጥፋት የሚመክሩህ አይጠፉም፣ አትስማቸው። ብቻ ከመነካካትህ በፊት ሁሉም ከፒችትሪ ይውጡና የካምፓኒው ዳታ ያለበትን ፎልደር ፍላሽ ላይ ኮፒ አድርግ።