«ሰፈሩ ተበላሸ» ለምትሉ ልጆቼ

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንድ ጎረምሳ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ እኛ እኮ ክላርክስተንን ልንለቅ ነው» አለኝ። «ምነው?» አልኩት። «ሰፈሩ ተበላሸ፤ አላዩም እንዴ? አፍጋኖች ብቻ ሆኑ» አለኝ።

ልጁ ክፉ አይደለም። ትሁት ነው፣ እናቱን ይረዳል፣ ትምህርቱን በርትቶ ይዟል። «ሰፈሩ ተበላሸ» የምትለውን ቃል ግን ከእሱ በፊት ስንት ሰው ሲላት ሰምቻለሁ። እኔም ብያታለሁ። የዚያን ዕለት ቆሜ ልመልስለት አልቻልኩም። ቤት ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለእሱም ለእናንተም ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ።

ይህን ከተማ፣ አሜሪካ ጆርጂያ ያለችውን ክላርክስተንን፣ የማውቀው በሥራዬ ነው። ከካርቱም የመጣሁት በ1990 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ስደተኞችን ተቀብሎ በሚያቋቁም ድርጅት ውስጥ ኬዝ ወርከር ሆንኩ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ 24 ዓመት እዚያው ሠራሁ። ሰው ከኤርፖርት መቀበል፣ ቤት ማስገባት፣ ልጆች ትምህርት ቤት ማስመዝገብ፣ ሐኪም ቤት አብሮ መሄድ፤ ሥራዬ ይኸው ነበር። የስንቱን ቤት የመጀመሪያ ሌሊት አይቻለሁ። ሰዎቹ ሻንጣቸውን ሳይፈቱ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ያድራሉ። ከየትም ይምጡ፣ የመጀመሪያው ሌሊት አንድ ዓይነት ነው።

ክላርክስተን ከአትላንታ ወጣ ብላ፣ ከ285 አውራ ጎዳና ማዶ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በከተማነት የተመዘገበችው በ1882 ነው። የባቡር ሐዲድ መሃሏን ሰንጥቆ ያልፋል። ለረጅም ጊዜ ነዋሪዋ አብዛኛው ነጭ ነበር። በዓል ሲሆን ልጆች ይዛችሁ የምትወጡበት የስቶን ማውንቴን ተራራ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ኩ ክለክስ ክላን የሚባለው ጥቁርን የሚጠላ የነጭ ዘረኞች ማኅበር በ1915 ዳግም የተመሠረተው እዚያ አናት ላይ ነው። ዛሬ እኛ ነጠላችንን ለብሰን በዚያው መንገድ ስናልፍ የሚያየን የለም። ይህ ለውጥ ግን ከሰማይ አልወረደም።

በ1970ዎቹ እዚህ ብዙ አፓርታማዎች ተሠሩ። አትላንታ እየሠሩ እዚህ ለሚያድሩ ሰዎች የታሰቡ ነበሩ። በ1980ዎቹ እነዚያ ተከራዮች ራቅ ወዳሉ አዳዲስ ሰፈሮች መሄድ ጀመሩ። ቤቱ ባዶ ቀረ፣ ኪራዩ ወረደ። በ1980 ደግሞ የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ወጥቶ ነበርና ድርጅቶች ስደተኛ የሚያሰፍሩበት ቦታ ይፈልጉ ነበር። ኪራይ ርካሽ፣ ማርታ የሚባለው የአትላንታ የሕዝብ አውቶቡስ የሚደርስበት፣ ለሥራ ቅርብ። ክላርክስተን ሁሉንም አሟላች። መጀመሪያ ቬትናሞችና ካምቦዲያዎች መጡ። ከዚያ እኛ፣ ቦስኒያዎች፣ ሶማሌዎች፣ ሱዳኖች። ከ2007 ወዲህ የበርማና የቡታን ሰዎች፣ ኢራቆች፣ ኮንጎዎች፣ ሶሪያዎች። ከ2021 በኋላ አፍጋኖች። በ2000 ቆጠራ ከነዋሪው ሲሶ ያህሉ ውጭ አገር የተወለደ ነበር። በ2020 ቆጠራ ሕዝቡ 14,756 ደርሷል፤ አጎራባች ሰፈሮችን ስለጠቀለለችም ነው።

አሁን ስለ አንድ ካርቶን ልንገራችሁ።

እኔ የገባሁበት አፓርታማ ፎቅ ላይ አንድ ቬትናማዊ አዛውንት ይኖሩ ነበር። እንግሊዝኛቸው ከእኔ የባሰ ነበር። በሦስተኛው ቀን ደረጃው ላይ ቆሜ የትኛው አውቶቡስ የት እንደሚሄድ ግራ ገብቶኝ አዩኝ። ገብተው የሩዝ ካርቶን ቀድደው አመጡ። በእስክሪብቶ ሐዲዱን አሰመሩ፣ ፌርማታውን በክብ አደረጉ፣ የአውቶቡሱን ቁጥር ጻፉ። የምግብ መደብሩ ላይ ዓሣ ሣሉበት። ሐኪም ቤቱ ላይ መስቀል። ቀኑ የሚመሽበት ሰዓት ላይ ደግሞ ጨረቃ ሣሉ፤ ከዚያ በኋላ አውቶቡስ የለም ለማለት ነው። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ያንን ካርቶን ለሁለት ዓመት ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ቦስኒያዎች ሲመጡ እሱን አስመስዬ ለእነሱ ሣልኩ። ቢሮ ውስጥ ንጹሕ የታተመ ካርታ ነበረን። ሰው የሚወስደው ግን በእጅ የተሣለውን ነበር።

ይህን ያየሁ ሰው ነኝ እንግዲህ በ2004 አካባቢ አፌን ሞልቼ «ሰፈሩ ተበላሸ» ያልኩት። የሶማሊያ አናሳ ሕዝብ የሆኑት የሶማሌ ባንቱዎች በብዛት የመጡበት ጊዜ ነው። ከገጠር፣ ከረጅም የካምፕ ኑሮ ነው የመጡት። ምድጃ ማብራት ገና መማር ነበረባቸው። ቀን ቀን ቢሮ ውስጥ አግዛቸዋለሁ። ማታ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ቡና ስንጠጣ አማቸዋለሁ። «ጫጫታው፣ ቆሻሻው፣ የልጆቹ ብዛት» እንላለን። በዓመቱ ቤት ገዝቼ ሊልበርን ወደምትባል ሌላ የአትላንታ ዳርቻ ከተማ ሄድኩ። ቤት መግዛቱ ነውር አይደለም። የሄድኩበት ልብ ግን ነውር ነበር። እኛ ስንገባ ነጮቹ ያሉትን ቃል፣ ቃል በቃል፣ በአማርኛ ደገምኩት። ያሳፍራል ልጆቼ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ማስታወስ።

የቀሩት ደግሞ አሉ። ስለ እነሱም ማወቅ አለባችሁ። ነጭ ደንበኞቹ ሄደው ሊዘጋ የደረሰ አንድ የምግብ መደብር ነበር። ባለቤቱ ለቬትናሞች፣ ለአፍሪካውያን የሚሆን ዕቃ ማምጣት ጀመረ፤ ሥራው ተነሣ። የድሮው የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያንም ምእመኑ እየሳሳ ሲሄድ በሩን ለስደተኞች ከፍቶ ስሙን «ኢንተርናሽናል» አለው። ቀላል አልነበረም፤ በዚህ ተቆጥተው የወጡ ሰዎች ነበሩ። በ2006 ደግሞ የዚያን ጊዜው ከንቲባ የስደተኛ ልጆች በከተማው ሜዳ እግር ኳስ እንዳይጫወቱ ከለከለ። ሜዳው የቤዝቦል ነው ተባለ። ኳስ ብቻ አልነበረም ጉዳዩ፤ ሜዳው የማን ነው የሚል ነበር። ነገሩ እስከ ከተማው ምክር ቤት ድረስ ሄዶ ነው የልጆቹ ቡድን የተፈቀደለት።

ምክር ቤቱን ካነሣሁ አይቀር፦ ዜግነት የያዛችሁ ልጆች፣ ለፕሬዝዳንት ምርጫ ተሰልፋችሁ ለከተማ ምርጫ የማትወጡት ነገር ያናድደኛል። በእንዲህ ያለ ትንሽ ከተማ ጥቂት መቶ ድምፅ ወንበር ይቀይራል። የመንገድ መብራት፣ የእግረኛ መንገድ፣ ፖሊሱ እንዴት እንደሚያናግራችሁ የሚወሰነው እዚያች ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ነው። ኤርትራ የተወለደ ሰው በዚያ ምክር ቤት ተቀምጦ ያውቃል። በ2020 የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ከንቲባ ተመርጣለች። ቀድመው የወጡት ነጮች በወጡበት ልብ ሁሉም ቢወጣ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

የእኛ የሐበሾቹ ነገር ደግሞ አለ። ሳልናገረው ብቀር ደብዳቤው ጎደሎ ይሆናል። ቀድሞ አንድ ለቅሶ ሲሆን ሁሉም ይደርስ ነበር። አሁን አገር ቤት ያለው ጠብ እዚህም ገብቶ እድሩ ተከፋፍሏል፤ ቡና ቤቱ ሳይቀር የእነ እገሌ፣ የእነ እገሌ ተብሏል። አንድ ጊዜ የበርማዋ ጎረቤታችን ሰው ሞቶብን ድንኳን ስንጥል የተቀቀለ ሩዝ በትልቅ ብረት ድስት ተሸክማ መጣች። የሟቹን ብሔር አልጠየቀችም። የምታውቀው ጎረቤቶቿ እያለቀሱ መሆናቸውን ነው። ከራሳችን ሰዎች ግን በዚያ ቀን ሁለት ቤት ሳይመጣ ቀረ። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀው ነበር። ዛሬም ያንገበግበኛል። እናንተ እዚህ የተወለዳችሁት ይህን ቂም የመውረስ ግዴታ የለባችሁም። አባቶቻችሁ ቢቆጡም እንኳ ለቅሶ ድረሱ።

ወደ መጀመሪያው ልጅ ልመለስ።

ልጄ፣ ቤት አግኝታችሁ ከሆነ ሂዱ። እናትህ ግቢ ያለው ቤት ይገባታል፤ ያን ሁሉ ዓመት ሌሊት ተነሥታ በቫን ዶሮ ፋብሪካ ስትመላለስ አውቃታለሁ። ለመሄዳችሁ የምትሰጠውን ምክንያት ግን ቀይረው።

አንድ ነገር ደግሞ ላስቸግርህ። በ2025 መጀመሪያ መንግሥት የስደተኛ ቅበላውን ከሞላ ጎደል ካቆመ ወዲህ የድሮ ባልደረቦቼ ብዙዎቹ ከሥራ ወጥተዋል። በቅርብ የገቡትን ቤታቸው ድረስ ሄዶ የሚያይ ሰው ጥቂት ነው። እናንተ ካላችሁበት ፎቅ ሥር አንድ የአፍጋን ቤተሰብ ገብቷል። አባትየው ሌሊት ይሠራል። ትልቁ ልጃቸው የአሥራ አንድ ወይም የአሥራ ሁለት ዓመት ይሆናል። ማክሰኞ ጠዋት በዚያ ሳልፍ አየሁት፣ ያለ ጃኬት፣ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ በማይቆምበት ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። አውቶቡሱ የሚቆመው ከሐዲዱ ወዲህ እንደሆነ የነገረው የለም። ነገ ስትወጣ እግረ መንገድህን አሳየው። ቋንቋ ካቃታችሁ ካርቶን አታጣም።