«አንዱ መድኃኒት አልበቃ ብሎ ነው?»

ጥያቄ፦ የምኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ በኮዬ ፈጬ ነው። የ58 ዓመት እናቴ ባለፈው ወር የሐሞት ከረጢቷ በቀዶ ጥገና ወጥቶላት በሰላም ወደ ቤቷ ተመልሳለች። ሆኖም ለሰመመን ፕሮፖፎል፣ ፌንታኒል፣ ኬታሚንና ቬኩሮኒየም በደም ሥሯ እንደተሰጣት በሕክምና ወረቀቷ ላይ ተጽፎ አየሁ። ነገሩን የሰሙ ጎረቤታችን «አንዱ አልበቃ ሲላቸው ሌላውን ጨምረውባት ነው» አሉን። እናቴም ከነቃች በኋላ ለተወሰነ ጊዜ አጠገቧ የሌለ ሰው ትጠራ ነበር። አሁን ደግሞ ታናሽ እህቴ የእንቅርት ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ተይዞላታል። አራት መድኃኒት አንድ ላይ መስጠት ጉዳት የለውም ወይ? በመሀል ብትነቃስ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ እናትዎን እግዚአብሔር ጨርሶ ይማርልዎ። ጎረቤትዎ ያሉትን ብዙ ሰው ስለሚያስበው ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ። እንዲህ ያለው ቅንጅት አብዛኛውን ጊዜ የሚታቀደው ታካሚው ገና የቀዶ ጥገናው አልጋ ላይ ሳይወጣ ነው፤ ምክንያቱም አንድ መድኃኒት ብቻውን የሰመመንን ሥራ ሁሉ በደህና መጠን ሊሠራ አይችልም። ፕሮፖፎል በአኩሪ አተር ዘይትና ከእንቁላል አስኳል በሚወጣ ቅባት ስለሚዘጋጅ ወተት ይመስላል፤ በግማሽ ደቂቃ ገደማ ያስተኛል፣ ሕመምን ግን አያስታግስም። የተኛ ሰው ሕመሙን ባያውቀውም ቢላ ሲያርፍበት ልቡ ይደልቃል፣ የደም ግፊቱም ይወጣል። ይህንን የሚያበርደው ፌንታኒል ነው። ኬታሚን ሕመምን ያስታግሳል፣ ታካሚውን ከራሱና ከአካባቢው የተለየ ያህል ያደርገዋል፣ ፕሮፖፎል የሚያወርደውን የደም ግፊትም ደግፎ ይይዛል። ቬኩሮኒየም ግን ጡንቻን ከማላላት በቀር ሌላ ሥራ የለውም።

ስለ መጠኑ በቁጥር ላስረዳ። አንድን ጤነኛ አዋቂ በፕሮፖፎል ብቻ ለማስተኛት በኪሎ ከ1.5 እስከ 2.5 ሚሊ ግራም ያስፈልጋል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ90 እስከ 150 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ፌንታኒል ቀድሞ ከተሰጠ ግን ከዚህ ያነሰ ይበቃል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ኃይላቸው ከድምራቸው ይበልጣልና። ስለዚህ የመድኃኒቶቹ ዓይነት ሲበዛ የእያንዳንዱ መጠን ይቀንሳል፣ በልብና በደም ግፊት ላይ የሚያደርሰው ጫናም አብሮ ይቀላል። ጉዳት የለውም ወይ ላሉት፣ አደጋው ትንፋሽ ላይ ነው። ፕሮፖፎልና ፌንታኒል ትንፋሽንም የሚያዳክሙት ተደጋግፈው ስለሆነ፣ አየር የሚሰጥ ማሽንና አጠቃቀሙን የሚያውቅ ባለሙያ በሌለበት ቦታ ሁለቱን አቀናጅቶ መስጠት አይገባም።

ከባዱ ሥራ የሰመመኑን ጥልቀት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል አድርጎ መያዝ ነው። አንድ ጊዜ የተሰጠ ፕሮፖፎል ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ ይለቃል፤ ለማስተኛት የተሰጠ ኬታሚን ከ10 እስከ 20 ደቂቃ፣ ፌንታኒል ደግሞ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይቆያል። በየጊዜው በመርፌ ብቻ ቢሰጥ ሰመመኑ አንዴ ይጠልቃል፣ አንዴ ይሳሳል። ስለዚህ ፕሮፖፎሉን በሲሪንጅ ፓምፕ ሳይቋረጥ ማንጠባጠብ ይመረጣል። እኔ በምሠራበት አካባቢ መብራት ስለሚቆራረጥ የፓምፑን ባትሪ ሁልጊዜ ጠዋት እፈትሻለሁ፤ በተጨማሪም ፕሮፖፎል የተሞላ፣ ስሙና መጠኑ በፕላስተር የተጻፈበት ሲሪንጅ ከእጄ አይርቅም።

የቀዶ ጥገናው ሕመም ራሱም እኩል አይደለም። ቱቦ ወደ ጉሮሮ ሲገባ፣ ቆዳ ሲቆረጥ፣ የሆድ ዕቃ ሲጎተት ይበረታል፤ ደም የሚፈስበት ቦታ ሲፈተሽ ደግሞ ጋብ ይላል። ፌንታኒል ሙሉ ኃይሉን ለማግኘት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ስለሚፈልግ፣ ሐኪሙ ቢላውን ከማንሳቱ በፊት ቀድሜ እሰጣለሁ። ከዚያ ዓይኔ ከሞኒተሩ አይነሳም። ቆዳው ሲከፈት የልብ ምቱ ከ76 ወደ 80 ቢል አልደነግጥም፤ ወደ 110 ከዘለለ፣ ግንባር ላይ ላብ ካቸፈቸፈ ወይም ከዓይን ጥግ እንባ ከወረደ ግን ሰመመኑ መሳሳቱን እጠረጥራለሁ፣ መጠኑንም ወዲያው አስተካክላለሁ።

በመሀል የመንቃት ነገር በዋናነት የሚያያዘው ከጡንቻ ማላያው ጋር ነው። ቬኩሮኒየም የወሰደ ሰው ቢነቃ እጁን ማንሳት አይችልም፤ ስለዚህ ታካሚው ጸጥ ብሎ መተኛቱ እንቅልፍ ለመውሰዱ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። በብሪታንያና በአየርላንድ ተካሂዶ በ2014 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ሰፊ ጥናት፣ በጠቅላላ ሰመመን ሥር ነቅተው እንደነበር የተናገሩ ታካሚዎች ከ19,000 አንድ ገደማ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ጡንቻ ማላያ በተሰጣቸው ዘንድ ከ8,000 አንድ፣ ባልተሰጣቸው ዘንድ ከ136,000 አንድ ነበር። የአንጎልን ሞገድ ወደ ቁጥር የሚለውጥ መሣሪያ ባለበት፣ ቁጥሩ ከ40 እስከ 60 እንዲሆን ይደረጋል። ነገር ግን ኬታሚን ሰመመኑ ሳይሳሳ ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል፣ መሣሪያውን ብቻ አምኖ ፕሮፖፎል መጨመር ስሕተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የአንስቴዢያ ማኅበራት ፌዴሬሽን በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመዘኛ፣ የሠለጠነ የሰመመን ባለሙያ ቀዶ ጥገናው እስኪያበቃ ከታካሚው አጠገብ መለየት የለበትም። ለእኔ ከሁሉም ጥበቃ የሚበልጠው ይህ ነው።

እናትዎ የሌለ ሰው መጥራታቸው ኬታሚን ሲለቅ ከሚታየው ሕልም መሰል ሁኔታ ጋር ይመሳሰላል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ያልፋል። ዛሬም የሚዘባርቁ ከሆነ ግን ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይውሰዷቸው።

ለእህትዎ ተመሳሳይ ቅንጅት ይሰጣታል ብለው አይጠብቁ። የእንቅርቷ ሆርሞን ከፍ ያለ ከሆነ አስቀድሞ በመድኃኒት መስተካከል አለበት፤ የልብ ምትን የሚያፈጥነው ኬታሚንም እንዲህ ላለ ታካሚ አይመረጥም። የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ፣ ጫትና መጠጥ ካለም ያንኑ ሳትደብቅ ለሰመመን ባለሙያው ትንገር። ከምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ቅባት ከበዛበት ደግሞ 8 ሰዓት ትከልከል። ንጹሕ ውሃና ወተት የሌለው ሻይ እስከ 2 ሰዓት በፊት ይፈቀዳል፤ የተልባ ውሃ ወፍራም ስለሆነ ከዚህ አይቆጠርም። ጠበልም በሆድ ውስጥ እንደ ውሃ ስለሆነ፣ በዚያ ጠዋት የምትጠጣ ከሆነ ስንት ሰዓት ላይ እንደጠጣች ትናገር። በመሀል መንቃት እንደሚያስፈራትም በግልጽ ታንሳ፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሰማችው ድምፅ ወይም የተሰማት ነገር ትዝ ካላትም በማግሥቱ ለባለሙያው ትንገረው።