የዲሽ ሞተር በባሕር ዳር፦ ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት ስለ ዲሽ ሞተር፣ ማለትም ዲሹን ከአንዱ ሳተላይት ወደ ሌላው ስለሚያዞረው ሞተር፣ ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ ብዬ ነበር። ብዙ ሰው ጠየቀ፤ ደስ ብሎኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ የምችለውን ሁሉ መልሻለሁ። ባሕር ዳር ውስጥና በጣና ዙሪያ ዲሽ ስተክል ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የምነግራችሁ ጣሪያ ላይ ቆሜ የተማርኩትን ነው።

ጥያቄ (ከሹም አቦ)፦ ሞተር ከገዛሁ ሳተላይቱን ራሱ ፈልጎ ያገኝልኛል?

አያገኝም። ይህን ከመግዛትህ በፊት ብታውቀው ይሻላል። ሞተሩ የታዘዘውን ያህል ይዞራል፣ ይቆማል፣ በቃ። ሳተላይቱ እዚያ ይኑር አይኑር አያውቅም።

የቲቪ ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ፣ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ በአንድ መስመር ተደርድረዋል። ከእኛ ሆነህ ብታያቸው ኖሮ ቀስት ይሠሩ ነበር። ቀስቱ ከምሥራቅ ይነሳል፣ በደቡብ በኩል አናታችን አጠገብ ያልፋል፣ ወደ ምዕራብ ይወርዳል። ሞተሩም ዲሹን ይዞ ሲዞር የራሱን ቀስት ይሠራል። የአንተ ሥራ ሁለቱን ቀስቶች ማገጣጠም ነው። ከገጠሙ ሁሉም ይገኛል። ካልገጠሙ አንዱ ይገባና ሌላው ይጠፋል።

ጥያቄ (ከቀበሌ 14)፦ ሪሲቨሬ «ዩሳልስ» የሚል ምርጫ አለው። ምን ላስገባ? ሞተሩና ዲሹ ላይስ ስንት ልሰር?

ዩሳልስ ስታብ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ያመጣው ስሌት ነው። ያለህበትን ቦታ ትነግረዋለህ፣ ሪሲቨሩ የእያንዳንዱን ሳተላይት ማዕዘን አስልቶ ሞተሩን ያዘዋል። ለባሕር ዳር ኬክሮስ 11.6 ሰሜን፣ ኬንትሮስ 37.4 ምሥራቅ አስገባ። ሰሜንና ምሥራቅ መባላቸውን ደጋግመህ እይ። ሳተላይቶችም የሚጠሩት በቆሙበት ኬንትሮስ ነው፤ ናይልሳት ለምሳሌ 7 ምዕራብ ነው። አንዷን ፊደል ከተሳሳትክ ዲሹ በተቃራኒው ይሄዳል፣ ሞተሩ የተበላሸ ይመስልሃል።

ሞተሩ ላይ ካለው የኬክሮስ ስኬል 11 ተኩል ላይ እሰረው። ለሩቅ ሰሜን አገሮች ታስቦ የተሠራ ሞተር ስኬሉ እስከዚህ ላይወርድ ይችላልና ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ሱቁ ውስጥ እየው።

አሁን ብዙዎቻችን ወደምንሳሳትበት ደረስን። ከሞተሩ የሚወጣው ቧንቧ ጎበጥ ያለ ነው። የጉብጠቱ ዲግሪ መመሪያው ላይ ተጽፏል። ከዚያ ላይ 2 ቀንስና ዲሹ ጀርባ ባለው ስኬል እሰር። ጉብጠቱ 30 ከሆነ 28 ይሆናል ማለት ነው። ሰው ግን ስልኩ ላይ «36 ምሥራቅ ከፍታው 76 ዲግሪ» የሚል ያነብና ዲሹን 76 ላይ ሊያስር ይታገላል። ያ ቁጥር ሞተር ለሌለው ዲሽ ነው። እዚህ ቀሪውን ሞተሩ ራሱ አጋድሞ ይዞታል። ቧንቧው ወደ ኋላ ክፉኛ የተጋደመ ሲመስልህ አትደንግጥ፣ ለእኛ ኬክሮስ ትክክሉ እሱ ነው።

ጥያቄ (ይህን አምስት ሰዎች ጠይቀዋል)፦ 57 ምሥራቅ ጥርት ብሎ ይገባል፣ ናይልሳት ግን አልያዝ አለ። ለምን?

የኢትዮጵያ ቻናሎች ያሉበት 57 ምሥራቅና ናይልሳት ያለበት 7 ምዕራብ በ64 ዲግሪ ይራራቃሉ። አንዱ ገብቶ ሌላው ከጠፋ ቀስቶቹ አልገጠሙም። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

መጀመሪያ ምሰሶው። ውሃ ልክ በአንድ ጎን ብቻ አታድርግ፤ በሁለት ጎን ለካው፣ ቱንቢ ካለህ ደግሞ አንጠልጥል። ምሰሶው ካዘመመ ስኬል ላይ የምታነበው ሁሉ ውሸት ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ እንጨት ላይ በሁለት ብሎን የተያዘ ምሰሶ ለቋሚ ዲሽ ያገለግል ይሆናል፣ ለሞተር ግን አይሆንም። መሬት ቆፍረህ በኮንክሪት ትከለው፤ አለዚያ ከግድግዳ ጋር ሦስት ቦታ እሰረው። በምሰሶ ላይ የሚወጣ ገንዘብ አይቆጭም።

ቀጥሎ ደቡብ። የውጭ መመሪያዎች «ለደቡብ በጣም የቀረበውን ሳተላይት ያዝና ሞተሩን ምሰሶው ላይ እያዞርክ ደቡብን አግኝ» ይላሉ። ለእነሱ ልክ ነው። ባሕር ዳር ላይ ግን አይሠራም፤ ይህን ለማወቅ እኔ ራሴ ብዙ ቀን ጣሪያ ላይ አሳልፌያለሁ። ለእኛ ለደቡብ ከቀረቡት አንዱ 36 ምሥራቅ ነው። ከፍታው 76 ዲግሪ ስለሆነ አናት ላይ ነው ማለት ይቻላል። አናት ላይ ያለን ነገር ስታነጣጥር ሞተሩን ግራ ቀኝ ብታዞረው ዲሹ የሚያይበት ቦታ እምብዛም አይለወጥም። ሞተሩ ከደቡብ አራት ዲግሪ ስቶ እንኳ ሲግናሉ ሊታይህ ይችላል። ናይልሳት ላይ ስትደርስ ግን ያች ስህተት ከሦስት ዲግሪ በላይ ትሆናለች። 90 ሳንቲም ዲሽ ደግሞ አንድ ዲግሪ ስትስት ነው ሲግናሉ የሚወርደው።

ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ክፈለው። 36 ምሥራቅ ላይ የዲሹን ከፍታ ብቻ አስተካክል። እዚያ ያሉት የክፍያ ቻናሎች ናቸው፣ ሥዕል አይመጣም፣ የሲግናሉ ኳሊቲ ግን ሪሲቨሩ ላይ ይታያል። ከዚያ ሪሲቨሩን ወደ 7 ምዕራብ እዘዘው። ሞተሩ ዞሮ ሲቆም የምሰሶውን ማሰሪያ ላላ አድርገህ መላውን ሞተር በጣም በቀስታ አዙር። ናይልሳት ከፍተኛው ላይ ሲደርስ እሰር። በመጨረሻ 57 ላይ ሄደህ አረጋግጥ።

አሁንም ትንሽ ከጎደለ የዲሹን ጠርዝ በእጅህ በቀስታ ወደ ላይና ወደ ታች ገፋ እያደረግክ ሌላ ሰው ኳሊቲውን ይንገርህ። በምሥራቁ ሳተላይት ወደ ላይ፣ በምዕራቡ ወደ ታች ሲገፋ የሚሻል ከሆነ ሞተሩን ወደ ምሥራቅ ጥቂት አዙረው። ተቃራኒው ከሆነ ወደ ምዕራብ። በሁለቱም ጫፍ ወደ አንድ አቅጣጫ ከጠየቀህ ደቡቡን አትንካ፤ የሞተሩ ኬክሮስ ወይም የዲሹ ማዕዘን ነው የተሳሳተው።

ጥያቄ (ከፋሲሎ)፦ ደቡብን በስልኬ ኮምፓስ ብለካስ?

በቆርቆሮና በፌሮ መሃል ቆመህ ኮምፓስ አትመን። ስልኩን ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብታደርገው ሌላ ደቡብ ያሳይሃል። ጥላ ይሻላል።

ደልዳላ መሬት ላይ ቀጥ ያለ ዘንግ ትከል። ረፋድ ላይ የጥላው ጫፍ ያረፈበትን ምልክት አድርግና ዘንጉን መሃል አድርገህ በዚያ ርዝመት በገመድ ክብ አስምር። ከሰዓት በኋላ የጥላው ጫፍ ያን ክብ እንደገና ሲነካ ሁለተኛ ምልክት አድርግ። ሁለቱን ምልክቶች የሚያገናኘው መስመር ምሥራቅ–ምዕራብ ነው። እሱን በ90 ዲግሪ የሚያቋርጠው ሰሜን–ደቡብ ነው።

«ቀትር ላይ ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል» ብሎ የነገራችሁ ካለ ተጠንቀቁ። እኛ አገር ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ ፀሐይ ቀትር ላይ በሰሜን በኩል ናት፤ ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል። ደግሞ የባሕር ዳር እውነተኛ ቀትር 6 ሰዓት ላይ አይደለም፣ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ወሩ ሲለወጥ ሩብ ሰዓት ያህል ወዲያና ወዲህ ይላል።

ጥያቄ (ከግሽ ዓባይ)፦ በመስቀል ሰሞን ቀን ቀን ለጥቂት ደቂቃ ሥዕሉ ይጠፋል። ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነው። ኤልኤንቢው ነው?

አይደለም እህቴ፣ ኤልኤንቢውን (ዲሹ ፊት ያለውን ሲግናል ተቀባይ) አትቀይሪው። በዚያ ሰሞን ፀሐይ በቀጥታ ከሳተላይቱ ጀርባ ታልፋለች፤ የፀሐይዋ የሬዲዮ ጫጫታ ሲግናሉን ይውጠዋል። ለጥቂት ቀናት፣ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ነው። በመጋቢት የመጀመሪያ ሳምንትም ይመለሳል። በመስቀል ሰሞን ለ57 ምሥራቅ ረፋድ 5 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ለናይልሳት 9 ሰዓት ከ45 ገደማ ይሆናል።

እኔ ይህን ሰሞን እወደዋለሁ። በዚያ ደቂቃ ዲሹ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ተሰብስቦ ኤልኤንቢው ፊት ላይ ካረፈ ዲሽሽ ልክ ነው። ጎን ላይ ካረፈ ወዴት እንደተዛባ ቆመሽ ታያለሽ። ፀሐይዋን ራሷን ግን ቀና ብለሽ አትመልከቺ።

ጥያቄ (ከዘጌ)፦ ግቢያችን ዛፍ ብቻ ነው። ይሠራል?

57 ምሥራቅ 63 ዲግሪ ከፍታ ላይ ስለሆነ ብዙውን ዛፍ ከላይ ያልፈዋል። ናይልሳት ግን 37 ዲግሪ ላይ ነው፣ በምዕራብ። ከዲሹ በ10 ሜትር የሚበልጥ ዛፍ በዚያ በኩል ካለ ቢያንስ 13 ሜትር መራቅ አለብህ። ቅጠል በዝናብ ሲርስ ደግሞ ይብሳል። ቡናውን ጥላ የሚሰጠውን ዛፍ አትቁረጥ፤ ምሰሶውን ወደ ሐይቁ ዳር ገፋ አድርገው።

ጥያቄ፦ መብራት ሲሄድና ሲመጣ ቦታው ይዛባል። (ባለ ጃክ)

ጃክ ማለት ዲሹን እየገፋ የሚያዞር ክንድ ነው። ሲገፋ የሚያዘው ሳጥን የሚቆጥረው ምት አለ። እየገፋ ሳለ መብራት ከጠፋ ቆጠራው ይሳሳታል፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ቦታ በእኩል መጠን ይዛባል። ሁሉንም እንደገና አታስገባ። ሳጥኑ እንደገና ማመሳሰያ ካለው አንዱን ሳተላይት በእጅ አግኝና አመሳስል፣ ሌሎቹ ተከትለው ይስተካከላሉ። መብራት ሳይጠፋም የሚዛባ ከሆነ ውስጡ ያለችውን የምት ቆጣሪ ሽቦ እይ።

የጃኩ ጎማ ከተቀደደ ክረምት ሳይገባ ቀይረው። ውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳውም ወደ ታች ይሁን። ካየኋቸው የሞቱ ጃኮች አብዛኞቹን የገደላቸው ውሃ ነው።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ጭራሽ አይንቀሳቀስም።

ገመዶቹን እይ። ወደ ሪሲቨር የሚሄደውና ወደ ኤልኤንቢ የሚሄደው ተቀያይረው ይሆናል። ከዚያ ገመዱ ራሱ። ዳይሴክ ሞተር (ሪሲቨሩ በዲሹ ገመድ በኩል የሚያዘው) ኃይሉንም የሚያገኘው በዚያው በአንዱ ገመድ ነው፤ ገመዱ ረጅምና ርካሽ ከሆነ ኃይሉ መንገድ ላይ ያልቃል። ውስጡ ሙሉ መዳብ የሆነ ግዛ። ሞተሩ አጠገብ ደግሞ ዲሹ ሲዞር እንዳይወጠር ዘለግ ያለ ትርፍ ተው።

ጥያቄ (ከቀበሌ 14)፦ እናቴ ድራማ፣ እኔ ኳስ፣ በሁለት ሪሲቨር ይሆናል?

ዲሹ አንድ ነው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ብቻ ያያል። እውነቱን ልንገርህ፤ የምትፈልጉት 57ንና ናይልሳትን ብቻ ከሆነ ሞተር አትግዛ። ሁለት ቋሚ ዲሽና ሁለቱን በአንድ ገመድ የሚያቀያይር አንድ ዳይሴክ ስዊች ይበቃል። ርካሽ ነው፣ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም፣ መብራት ቢጠፋም አይዛባም። ለእናትህ ሪሲቨር ከ57 የራሱን ገመድ አውጣለት። ሞተር የሚጠቅመው እንደ ዓረብሳት 26 ምሥራቅ ያሉትን ጨምሮ ብዙ ሳተላይት ለሚያይ ሰው ነው። ሆትበርድን አስበህ ከሆነ ግን ጨረሩ ወደ አውሮፓ የተነጣጠረ ነው፤ በ90 ሳንቲም ዲሽ አትድከም።

ጥያቄ (ከሐይቁ ዳር)፦ ከሰዓት ንፋስ ሲነሳ ሥዕሉ ይቆራረጣል።

የዲሹን ጠርዝ ይዘህ በቀስታ ወዝውዘው። ምሰሶው ከተነቃነቀ ምሰሶውን፣ ማሰሪያው ከሆነ ብሎኖቹን አጥብቅ። የሞተሩ ጥርስ ራሱ የሚላወስ ከሆነ ዲሹ ከብዶታል፤ አነስ ያለ ዲሽ አድርግለት። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ስትሰማ ደግሞ ገመዱን ከሪሲቨሩ ንቀል፤ ምሰሶውንም ወደ መሬት በወፍራም ሽቦ አገናኝ።

ጥያቄ (ከጎርጎራ)፦ የባሕር ዳርን ቁጥር ብጠቀም ችግር አለው?

ሐይቁን ተሻግራችሁ ሰሜን ናችሁ። 12.2 ሰሜንና 37.3 ምሥራቅ አስገባ፣ ሞተሩንም 12 ላይ እሰረው። የቀረው አይለወጥም። ዘንጉን ጠዋት ትከልና ጥላውን ለካ፤ ከሰዓት ምልክቱ የት እንዳረፈ ጻፍልኝ፣ ደቡቡን አብረን እናወጣዋለን።