መልስ፦ በሞተርሆም ስንሄድ ትርፍ ጎማ እንያዝ ወይ?
ወንድሜ፣ አሮጌ ሞተርሆም (አልጋና ኩሽና ያለው ትልቅ መኪና) ገዝቼ ከነልጆቼ የአሜሪካዋን ኔቫዳ ላቋርጥ ነው፣ ትርፍ ጎማ ልያዝ ወይ ብለሃል፣ አደራህን ያዝ። ብዙዎቹ ሲሸጡም የላቸውም፣ በሀይዌይ 50 ደሞ እዛው ኔቫዳ ካለችው ፋለን ከተማ እስከ ኦስቲን ከተማ 110 ማይል ገደማ ነው፣ ጎሚስታ ማግኘት ከባድ ነው። እኛ በዛ ሙቀት የኋላው ጎማ ፈንድቶ ፓራፋንጎውን ገነጣጠለው፣ የጠራነው የመንገድ እርዳታ ቶሎ ደረሰ ግን በልኩ ጎማ ስላልያዘ ልጆቹን በመኪናው ጥላ ይዘን እስከ ማታ ቆየን። ክብደቱ ካስጨነቀህ ያለ ቸርኬ ጎማውን ብቻ ጫን፣ የሚመጣው ሰውዬ ይገጥመዋል፣ በትንሽ መኪና ክሪክ ግን ራስህ እንዳትሞክር። ሳትነሳ የጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ቀጥሎ የመጨረሻዎቹን 4 ቁጥሮች እይ፣ 2316 ካለ በፈረንጅ 2016 በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው፣ አርጅቷልና ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ቀይረው።